ያልቆጠርነው ገለባ

መሐል ሜዳ፣ ጥር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለይመኙሻል፣

የመንዝ ብርድ ያልቻለሽን የሆላንድ ብርድ እንዳይችልሽ መድኃኔዓለም ይጋርድሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጥሩሸዋ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን ከአምናው ተሽሏታል። በጎቹም ደህና ናቸው፤ አንዱ ብቻ ገደል ገብቶ እኛን ደህና አድርጎን ሰነበተ።

ባለፈው ስትደውዪ እናትሽ ድምፄ በእግሩ ሆላንድ ይድረስ ብላ ስለጮኸች ምንም አልተደማመጣችሁም። ስለዚህ በወረቀት እንጫወት። ወረቀት አይጮኽም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰዉ ሁሉ "ይመኙሻል ምን ትማራለች?" ይለኛል። "ውሃ" እላለሁ። ባለፈው እሑድ ሰንበቴ ላይ መምሬ መርስዔ ኃዘን ጠላቸውን እንደያዙ፣ "ለውሃ ትምህርት ባሕር ተሻገረች? ከቤታችሁ በታች ያለው ወንዝ ምን አጠፋ?" ብለው ሰው አሳቁብኝ። እኔ ራዲዮንም የናፍጣ ወፍጮንም አስተማሪ ሳይኖረኝ ፈታትቼ የተማርኩ ሰው ነኝ። በወጉ ካስረዱኝ ይገባኛል። እባክሽ ለፕሮፌሰር ሳይሆን ለአጎትሽ አድርገሽ ጻፊልኝ፤ ለመምሬ መልስ ልስጥበት።

ደግሞ ውሃ ውስጥ እናበራዋለን ያልሽኝ አረንጓዴ መብራት ከተረፋችሁ አንድ ላኪልኝ። መምሬን ለማስደንገጥ ብቻ ነው፤ ሌላ ክፋት የለኝም።

እናትሽ ዶክተር የሆንሽ ቀን ለማርያም ድባብ ላስገባ ብላ ተስላለች። እንዳትነግራት ብላኛለች፤ አልነገርኩሽም።

አጎትሽ አፈወርቅ


ሆላንድ፣ የካቲት 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ አፈወርቅ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ከሩቅም ቢሆን ጉልበትዎን እስማለሁ። እማዬን ጉልበቷን በሙቅ ውሃ ይሹላት። መብራቱን መላክ አይቻልም፤ ያየበትን ዐይን ያጠፋል። መምሬም ለቅዳሴ ዐይናቸው ያስፈልጋቸዋል።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ውሃ ሲሄድ ሂደቱ ራሱ አይታይም፤ የሚታየው የተሸከመው ነገር ነው። ስለዚህ ከዱቄት የደቀቀ የመስተዋት ብናኝ ውሃው ውስጥ እንበትናለን። ብርሃኑን እንደ አንሶላ አሳስተን እንዘረጋበትና ካሜራው ዐይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳይቆይ ሁለት ፎቶግራፍ ያነሣል። ፎቶውን እንደ ማሳ እንሸነሽነዋለን። በእያንዳንዱ ማሳ ያለው ብናኝ ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ ሁለተኛው የት እንደደረሰ ኮምፒውተር ያሰላል፤ ርቀቱን ለጊዜው ሲያካፍሉት ፍጥነቱ ይወጣል። ለየማሳው አንድ ቀስት ይሣላል፤ ቀስቶቹን ሲያዩ ውሃውን ያዩታል።

ጸጥ ብሎ ለሚሄድ ውሃ ነገሩ ቀላል ነው። የኔ ግን የሚናወጥ፣ የሚሽከረከር ውሃ ነው። ብናኙ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ከብርሃኑ ይወጣል። ኮምፒውተሩም አንዱን ከሌላው ያምታታና ከጎረቤቶቹ ጋር የማይስማማ ቀስት ይሥላል። እንዲህ ያለውን ቀስት በማጣሪያ ለይቶ መጣል፣ በቦታውም የጎረቤቶቹን አማካይ መተካት የተለመደ ነው። የኔ ድርሻ ልኬቱ በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚታመን ማሳየት ነው። ስህተቱ ከመቶ ሁለት እንደማይበልጥ አሳይቻለሁ፤ ጽሑፌንም አንድ መጽሔት ሊያትመው ተቀብሎታል።

ሚን የሚባል የቬትናም ልጅ በሌላ መሣሪያ ያንኑ ውሃ አንድ ነጥብ ላይ ይለካል። የሱ ልኬት ውሃውን ከኔው ይልቅ የሚናወጥ ያደርገዋል። መሣሪያው በደንብ ሳይስተካከል እንዳልቀረ ጽሑፌ ላይ ገልጬዋለሁ። ጥሩ ልጅ ነው፤ አልተቀየመኝም።

ዶክተርነቱ ገና ነው፤ በፈተና ሰዎች ፊት ቆሜ ሥራዬን የማስረዳው በመጪው ዓመት ጥር ላይ ነው።

እህትዎ የወለደችልዎ ይመኙሻል


መሐል ሜዳ፣ ግንቦት 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለውሃ አዋቂዋ ለይመኙሻል፣

የልደታ በረከት ይደርብሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ በመጨረሻ ገብቶኛል ብዬ ራሴን መረቅሁ። ገብቶኝ ብቻ አልቀረም፣ ሠርቼበታለሁም።

የሰፈሩ ወጣቶች ከወንዙ ቦይ ሊጠልፉ የድንጋይ ክትር ጀምረዋል፤ ከይዘንጋሽ ማሳ በላይ። ይዘንጋሽን ታውቂያታለሽ፤ ባሏ የሞተባት፣ ያ የወንዝ ዳር ማሳ ብቻ የቀራት ጎረቤታችን ናት። የልማት ሠራተኛው ቀጥሮ ቀረ። ልጆቹ፣ "ጋሼ፣ ዘመድዎ ውሃ ለኪ አይደለችም? እስቲ በክትሩ ውሃው የሚያልፍበት ክፍተት ምን ያህል እንደሚበቃ እርስዎ ይለኩልን" አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲለምኑኝ እምቢ ማለት መቼ ለምጄ።

በብናኝሽ ፋንታ የገብስ ገለባ በተንሁ። በካሜራሽ ፋንታ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ሰዓት ስለሌለኝ አቡነ ዘበሰማያትን ደገምኩ፤ ገለባው ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ድንጋይ ሲደርስ የት ቃል ላይ እንደደረስኩ አያለሁ። መምሬ ሰምተው፣ "አንተ ሰው፣ ጸሎቱን ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለገለባው?" አሉኝ። "ለሁለቱም ይበቃል" አልኳቸው።

አስቸጋሪው ገለባ ግን ብዙ ነው። አንዳንዱ ድንጋይ ጥግ ደርሶ ይዞራል፤ አንዳንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሌላው እንደተባረረ ሌባ ይፈተለካል። እኔም እንዳንቺ አደረግሁ። ጣልኳቸው። ሰካራም ምስክር ዳኛ ፊት አይቆምም። ረጋ ብሎ ቀጥ ብሎ የሄደውን ብቻ ቆጠርኩ። ወንዛችን ለካስ እንዴት ያለ ጨዋ ኖሯል። ትንሽ ክፍተት ይበቃዋል ብዬ ፈረድኩ፤ ልጆቹም ድንጋዩን ደረደሩት።

ሌላም ሠርቻለሁ። ጽሑፍሽ ሊታተም መሆኑን ሰንበቴ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። "እንግዲህ አለቀ፣ ዶክተር በሏት" አልኩ። ትንሽ እንደቀደምኩ አውቃለሁ፤ የመምሬን ፊት ለማየት ቸኩዬ ነው። እናትሽ ግን ከዚያ በኋላ አላስቀመጠችንም። በጎቿን ሸጣ፣ ደብረ ብርሃን ወርዳ፣ ቀይ ከፋይ ድባብ ገዝታ ለግንቦት ልደታ አስገባች። "የልጄን ስለት ተቀበሉኝ" ብላ ስትንበረከክ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ትንሽ አለቀስኩ፤ ለማንም እንዳትነግሪ።

መብራቱ ቀርቷል። ከመሣሪያሽ ጎን ቆመሽ የተነሣሽውን ፎቶግራፍ ላኪልኝ፤ ሰንበቴው ቤት እንሰቅለዋለን።

አጎትሽና ባልደረባሽ አፈወርቅ


ሆላንድ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጋሼ አፈወርቅ፣

እንዴት ከረሙ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው።

ፎቶግራፉን አሁን አልክም። ሰንበቴ ላይም ስለኔ ባያወሩ ደስ ይለኛል። እማዬ ምነው ትንሽ ብትቆይ ኖሮ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝ። የዞረው ገለባ ስንት ነበር? ከሄደው ይበዛል ወይስ ያንሳል?

ይመኙሻል


መሐል ሜዳ፣ መስከረም 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለይመኙሻል፣

እንኳን ለሁለት ሺህኛው ዓመት አደረሰሽ። እዚህ ዘመኑ የተለወጠው ቀበሌው ደጃፍ በተሰቀለው ጨርቅ ላይ ነው፤ ብርዱ የድሮው ነው። እናትሽ ደህና ናት፤ የአዲስ ዓመት ሰላምታዋን ጮክ ብላ ነግራኛለች።

ስለ ገለባው ጠይቀሻል። የዞረው ስንት እንደነበር አላውቅም። ከጣልኩት በኋላ ማን ይቆጥረዋል።

የዘንድሮ ክረምት ዝናቡ ጥሩ ነበር። ከሚገባው በላይ ጥሩ ነበር። ይዘንጋሽ ሰላም ብላሻለች። ማለቴ ብትገናኘኝ ሰላም ትልሽ ነበር፤ ሰሞኑን አልተያየንም። ሰንበቴም ሁለቴ ቀርቻለሁ፤ ሆዴን ትንሽ ቆርጦኝ ነበር።

ካንቺ የምፈልገው ነገር የለም። ፎቶግራፉንም ተዪው። ለሰንበቴው ቤት ግድግዳ የመድኃኔዓለም ሥዕል ይበቃዋል።

አፈወርቅ


ሆላንድ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ፣

በጤናዎ ይቆዩልኝ። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ብዙ ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ስለ ገለባው የጠየቅሁዎ ላሳፍርዎ ብዬ አይደለም። "እንዳንቺ አደረግሁ፣ ጣልኳቸው" ያሉትን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ድንጋይ ላይ ቆመው ሲጸልዩ ታዩኝ። ከዚያ "እንዳንቺ" የምትለዋ ቃል ሳቄን አቆመችው። በነጋታው ሥራ ቦታ ሄጄ የጣልኳቸውን ቀስቶች አንድ በአንድ መልሼ አየኋቸው።

ማጣሪያዬን ከልክ በላይ አጥብቄው ነበር። ኮምፒውተሩ አምታትቶ የሣላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት እውነተኛ ሽክርክሪት ነበሩ። ውሃው መናወጡን የሚመሰክሩትን ጥዬ ቦታቸውን በጸጥተኞቹ አማካይ ሞላሁት። ውሃው ጸጥ አለልኝ፣ ስህተቴም አነሰልኝ። ደግሜ ሳሰላው ስህተቱ ከመቶ ሁለት አይደለም፤ ከመቶ ዐሥራ አንድ ነው። አጎቴ፣ እኔ ውሃውን አልለካሁትም፤ አስታገሥኩት።

የባሰው ሚን ነው። "መሣሪያው ሳይስተካከል አይቀርም" ብዬ ስለጻፍኩ ክረምቱን ሙሉ መሣሪያውን ሲፈታና ሲገጥም ከረመ። ምሳ ሰዓት ይጠራኛል። "ይመኙ፣ እስቲ ባንቺ ዐይን እይልኝ፤ ጥፋቴ የቱ ጋ ነው?" ይለኛል። ጥፋት እንደሌለበት እያወቅሁ አጠገቡ ተጎንብሼ አብሬው እፈልጋለሁ። ብሎን አቀብለዋለሁ።

ከተናገርኩ ጽሑፉ ይሻራል፣ የጥር ፈተናዬም ይቀራል። ሰኞ ለፕሮፌሰሩ እነግረዋለሁ። ቆርጫለሁ። ለእማዬ ግን አይንገሩብኝ። ድባቡን ሳስበው እንቅልፍ አጣለሁ።

ይመኙሻል


መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለይመኙሻል፣

ጽዮን ማርያም ልብሽን ታበርታው። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንግዲህ ሆዴን ቆረጠኝ ያልኩትን እውነቱን ልንገርሽ።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞላ። እኔ የተውኩለት ክፍተት ለጨዋ ውሃ የሚሆን ነበር፤ የመጣው ግን ጨዋ አልነበረም። ውሃው ክትሩ ጥግ ደርሶ ዞረ፤ ልክ እንደዚያ እንደጣልኩት ገለባ ዞረና በይዘንጋሽ ማሳ ገባ። ገብሱን ብቻ ቢወስድ ባልከፋ፤ አፈሩንም ይዞት ሄደ። ዛሬ ማሳው ላይ ያለው ድንጋይ ነው።

ሰዉ "የእግዚአብሔር ቁጣ ነው" አለ። እኔም ከሰዉ ጋር ቆሜ ራሴን ነቀነቅሁ። ነውሬ እዚህ ላይ ነው። አጥፍቶ ዝም ያለ ብዙ ነው፤ እኔ ግን በእግዚአብሔር ሲሳበብልኝ እያየሁ ነው ዝም ያልኩት። ከዚያ ይዘንጋሽ፣ "በኔ ኃጢአት ነው እንጂ የሌላው ማሳ ለምን ተረፈ?" ብላ መምሬ ዘንድ ለንስሐ ሄደች። ስግደት ሰጧት። በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በደጄ ታልፋለች፤ ጉልበቷ ላይ አቧራ ይዛ ትመለሳለች። እኔ መስኮቴን እዘጋለሁ። ያንቺው ሚን መሣሪያ ይፈታል፣ የኔዋ ይዘንጋሽ ትሰግዳለች።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሰሞን አልቻልኩም። እሑድ ሰንበቴ ላይ ተነሣሁ። "ማሳውን የወሰደው ቁጣ አይደለም፤ ክፍተቱን አሳንሼ የለካሁት እኔ ነኝ" አልኩ። ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው፤ ዕድሜ ልኬን ስቀልድባቸው ኖሬ ምን ያድርጉ። "ጋሼ አፈወርቅ ደግሞ ዛሬ በምን መጣብን" አለ አንዱ። ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ። አንዳንዱ ሳቁን ከጀመረው በኋላ እየገባው መሐል ላይ ሲያቆመው አየሁ። ከዚያ በላይ የሚያሳፍር ነገር አላውቅም።

ይዘንጋሽ ከመጀመሪያውም አልሳቀችም። "ታዲያ ስሰግድ እያዩኝ ነበር?" አለችኝ።

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ይመኙሻል፣ ሰኞ ብለሽኝ ነበር። ስንት ሰኞ አለፈ? ካንቺ የምፈልገው ነገር የለም ብዬ ነበር፤ አሁን አለኝ። "ነግሬዋለሁ" ብለሽ አንዲት መስመር ጻፊልኝ። ሰው ሳይደርስብሽ።

አጎትሽ አፈወርቅ


ሆላንድ፣ ጥር 19 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለጋሼ አፈወርቅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ያችን መስመር ልጽፍልዎ አልቻልኩም። አልነገርኩትም።

ያ ሰኞ ፕሮፌሰሩ ጉዞ ላይ ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሶ ገና ሳልቀመጥ፣ "ጽሑፍሽን ባልደረቦቼ አመሰገኑት" አለኝ። "አመሰግናለሁ" ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ዶክተርነቱን ልያዝና እናገራለሁ ማለት ጀመርኩ። እሱንም ውሳኔ አልኩት።

ታኅሣሥ ላይ ሚን ፎቶግራፎቼን ለማነጻጸሪያ ለመነኝ። ብከለክለው ምን እላለሁ፣ ሰጠሁት። በሳምንቱ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። "እነዚህን ቀስቶች ለምን ጣልሻቸው?" አለኝ። "አሁን ገና ማየቴ ነው" አልኩት። አጎቴ፣ ይህን አልኩት። "መሣሪያዬን አብረን ስንፈታው ታውቂ ነበር?" አለኝ። ዐይኔን ከኮምፒውተሩ አላነሣሁም፤ እሱ ተነሣ። "አንቺ ትነግሪዋለሽ ወይስ እኔ?" አለኝ። ከወንበሬ አልተንቀሳቀስኩም። እሱ ሄዶ ለፕሮፌሰሩ ነገረው።

ጽሑፉ ስሜ እንደተጻፈበት ተሽሯል። የጥር ፈተናዬም ቀርቷል። ፕሮፌሰሩ አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ሙሉውን ልኬት ከመጀመሪያው እንድሠራ አንድ ዓመት ሰጥቶኛል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚሆነው ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ነው። ሚን ጠረጴዛውን ወደ ሌላ ክፍል አዛውሯል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ "ሰማሁ" ብቻ አለኝ።

ለእማዬ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ዘንድሮ ለጥምቀት ድባቡ ወጥቶ ይሆናል። ክረምት ላይ ለእረፍት መምጣቴ ነበር፤ ልቅር መሰለኝ።

ይመኙሻል


መሐል ሜዳ፣ የካቲት 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለይመኙሻል፣

የወላዲተ አምላክ ጥላ አይለይሽ።

ድባቡ ወጥቷል። ታቦቱ በሥሩ ሲያልፍ ሰዉ "የይመኙሻል ነው" እያለ ይጠቋቆም ነበር። እናትሽ ከፊት ነበረች፤ እኔ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ።

ደብዳቤሽን አነበብኩላት። እንደምታውቂው እናትሽ ፊደል ስለማታውቅ እኔ የማልወደውን መስመር መዝለል ልማዴ ነው። የዛሬው ለመዝለል ብዙ ቦታ ነበረው። "አሁን ገና ማየቴ ነው" ያልሽውን ስደርስ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋሁ። አነበብኩት። አንድም አልዘለልኩም።

ሱፍ እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን ሳታቆም፣ "ራሷ ተናግራ ነው ወይስ ተይዛ?" አለችኝ።

ዓለሙን ሁሉ በቀልድ ያመለጥኩ ሰው ነኝ። እዚህ ላይ ግን አንድም አልመጣልኝ።

"ተይዛ ነው" አልኳት።

እንዝርቷን አስቀመጠች።

"ያ የሰው አገር ልጅስ?"

"ጠረጴዛውን ይዞ ሄዷል።"

"ደግ አደረገ" አለች።

"ድባቡን ምን እናድርገው?" አልኳት።

"ምን ታደርገዋለህ? ድባቡ የማርያም ነው። የኛ ሐፍረቱ ነው።"

ከዚያ ተነሥታ እሳቱን ቆሰቆሰች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። የምታለቅስ መስሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። አላለቀሰችም። "ወረቀት አምጣ፣ ስናገር ጻፍ" አለችኝ። እንዲህ ብላለች፣ ከቃሏ አልቀነስኩም፦

"ክረምት ላይ ትምጣ። መሽቶ በጓሮ እንዳትገባ። በገበያ ቀን ትምጣ፣ ሰው በሞላበት ከአውቶቡስ ትውረድ። ገበያውን በመሐሉ ትለፈው። ዶክተር ሆንሽ ወይ ያላትን ሁሉ ቆማ፣ አልሆንኩም፣ አጥፍቼ ነው ትበል። አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ አብሬያት እሄዳለሁ።"

"እኔም አብሬሽ ልቁም?" አልኳት።

"አንተ ሂድና ከይዘንጋሽ ማሳ ድንጋይ ልቀም" አለችኝ።

ከትናንት ጀምሮ እየለቀምኩ ነው።

አጎትሽ አፈወርቅ